«አይገድልም» የሚባለው የኮረንቲ ሽጉጥ



ባለፈው ሰሞን ከራት በኋላ በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት እንቅልፍ ነሣን። ነገሩ የተጀመረው በመጋቢት 2 ቀን 1994 ዓ.ም. እዚሁ ቴፒ ላይ ስለ ደረሰው እልቂት ስንጨዋወት ነው። በዚያን ዕለት የሸኮና የመዠንገር ተወላጆች ስለ የኪ ወረዳ አስተዳደር ያላቸውን ጥያቄ ይዘው ወደ ከተማው በመጡ ጊዜ ከፖሊስ ጋር ግጭት ተፈጠረ፤ ጥይት ተተኮሰ፤ በዚያ ቀንና በተከታዮቹ ቀናት የሞቱት ሰዎች ቁጥር መንግሥት ራሱ ባመነው እንኳ ከመቶ በላይ ነበር። ታዲያ ከመካከላችን አንዱ፤ «ያን ጊዜ ፖሊሶቹ በጠመንጃ ፈንታ ኮረንቲ የሚተኩሰውን ሽጉጥ ይዘው ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ባልሞተ ነበር፤ ያ መሣሪያ ያደነዝዛል እንጂ አይገድልም» አለ። ሌላው ደግሞ፤ «የማይገድል ኮረንቲ ከየት አገር የመጣ ኮረንቲ ነው?» ብሎ መለሰለት። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘው ተኙ።

እኔም ይህን ነገር ሐኪሞች እንዴት እንደ መረመሩት ለማወቅ ጥቂት ጊዜ አንብቤ ያገኘሁትን ለጓደኞቼ ለማካፈል ይህን ጽሑፍ አቀረብሁ። ጥያቄው የመኝታ ክፍል ጨዋታ ብቻ አይደለም። አንድ መሣሪያ «አይገድልም» ተብሎ ከተጠመቀ በኋላ የሚተኩሰው ሰው እጁ ይቀላል፤ የሚያዝዘውም ሕሊናው አይከብደውም። ስለዚህ ስሙ እውነት መሆኑን አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

1. መሣሪያው ምንድር ነው?

በዓለም ላይ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው የዚህ ዓይነት መሣሪያ «ቴዘር» ይባላል። የፈጠረው ጃክ ከቨር የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ሲሆን፤ ጊዜውም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ነው። ስሙን የወሰደው ቶም ስዊፍት ስለሚባል ልጅና ስለ ኤሌክትሪክ ጠመንጃው ከሚተርክ የልጆች ልብ ወለድ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቃታው ሲሳብ የታመቀ ጋዝ ሁለት ትንንሽ ባለመንጠቆ መርፌዎችን ያስፈነጥራል። መርፌዎቹ በቀጭን ሽቦ ከሽጉጡ ጋር የተያያዙ ናቸው። ሁለቱም በሰውዬው ልብስ ወይም ቆዳ ላይ ሲሰኩ ኮረንቲው ከአንዱ መርፌ ወደ ሌላው በሰውነቱ ውስጥ ያልፋል። አንድ ጊዜ ቃታ ሲሳብ ኮረንቲው 5 ሰኮንድ ይቆያል፤ ቃታው ተይዞ ከቆየ ግን ሊቀጥል ይችላል። የሚደርስበት ርቀት እንደ ዓይነቱ ከ4 ሜትር ተኩል እስከ 13 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ልብ በሉ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሁለተኛ አጠቃቀምም አለ። ሽጉጡን ወይም ኮረንቲ ያለውን ዱላ በቀጥታ ሰውነት ላይ መጫን ነው። በዚህ ጊዜ ኮረንቲው የሚያልፈው በጣም ተቀራርበው ባሉ ሁለት ነጥቦች መካከል ስለሆነ ሰውየውን አያሽመደምደውም፤ ያሳምመዋል እንጂ። ይህም ልዩነት ታላቅ ነው። የመጀመሪያው አጠቃቀም ሰውን ከመንቀሳቀስ ለማገድ ነው፤ ሁለተኛው ግን ሥራው ማሳመም ብቻ ነው።

2. ኮረንቲው በሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል?

ሰው ሁሉ የሚደነግጠው «50,000 ቮልት» የሚለውን ሲሰማ ነው። በቤታችን ያለው ኮረንቲ 220 ቮልት ሆኖ ሰው የሚገድል ከሆነ 50,000 ቮልት እንዴት ሰውን በሕይወት ይተዋል? ይህ ጥያቄ ፊዚክስ ያልተማረን ሰው ብቻ ሳይሆን የተማረውንም ያሳስታል። ቮልት ማለት ግፊት ነው፤ ሰውን የሚጎዳው ግን በዚያ ግፊት እየተገፋ በሰውነቱ ውስጥ የሚያልፈው የኮረንቲ መጠንና የሚቆይበት ጊዜ ነው። ከከፍተኛ ገደል ላይ የምትወርድ አንዲት ጠብታ ሰው አትወስድም፤ በለጋ ሜዳ ላይ የሚሄድ ሙሉ ወንዝ ግን በሬውን ከነቀንበሩ ይወስዳል።

በቴዘሩ ውስጥ ያለው ከፍተኛ ቮልት የሚያገለግለው ብልጭታው አየርንና ልብስን እንዲሻገር ነው። በብዛት በተጠናው ዓይነት ላይ ወደ ሰውነት የሚደርሰው 1,200 ቮልት ገደማ ነው። እሱም ቢሆን አንድ ወጥ ሆኖ አይፈስም፤ በየሰኮንዱ 19 ጊዜ ያህል ይመታል፤ እያንዳንዱም ምት የአንድ ሰኮንድ አንድ አሥር ሺኛ ያህል ብቻ ይቆያል። ሁሉ ተደምሮ ሲካፈል አማካዩ ወደ 2 ሚሊአምፔር ገደማ ነው። ጡንቻን የሚያዝዙት ነርቮች ለእንዲህ ያለ አጭር ምት ፈጥነው ይታዘዛሉ፤ የልብ ጡንቻ ግን ዘገምተኛ ስለሆነ ረዘም ያለ ምት ይፈልጋል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ እጅና እግር ተኮማትሮ ሰውየው ሲወድቅ ልቡ መምታቷን ትቀጥላለች። የፈጠራው ጥበብ ይህ ነው። ነገር ግን «ብዙውን ጊዜ» ማለት «ሁልጊዜ» ማለት አለመሆኑን ማንም የስታቲስቲክስ ተማሪ ያውቃል።

3. ጥናቱ ምን አገኘ?

ለመሣሪያው ከሚቆሙት ወገኖች ዘንድ ዋናው ማስረጃ ሆኖ የሚጠቀሰው ዶክተር ዊልያም ቦዝማንና ባልደረቦቹ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ነው። እነዚህ ሐኪሞች በአሜሪካ በስድስት የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች በዚህ መሣሪያ የተመቱ 1,201 ሰዎችን መዝገብ መረመሩ። ከእነዚህ ውስጥ 1,198ቱ ወይም 99.75 በመቶው ጉዳት ያልደረሰባቸው ወይም ቀላል ጉዳት ብቻ የደረሰባቸው ሆነው ተገኙ፤ ቀላሉም ጉዳት በብዛት የመርፌው ስንጥቅ ነበር። ብርቱ ጉዳት የደረሰባቸው ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ወድቀው ጭንቅላታቸው የተጎዳ፤ አንዱ ጡንቻው የፈረሰበት። ሁለት ሰዎች በፖሊስ እጅ ሳሉ ሞተዋል፤ ሐኪሞቹ ግን ሞታቸው ከመሣሪያው የመጣ አይደለም ብለዋል።

ይህን ጥናት ማቃለል አይገባም። ከዱላና ከጥይት ጋር ሲወዳደር መሣሪያው የዋህ ነው ለሚለው ጓደኛችን ምስክር ነውና። ነገር ግን በሌላው ሚዛን ላይ የተቀመጠውንም እንይ። ሮይተርስ የተባለው የዜና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምርመራ በአሜሪካ ፖሊስ ቴዘር ከተጠቀመ በኋላ የሞቱ ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎችን መዝግቧል። እነዚህን ሁሉ መሣሪያው ገደላቸው ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ላይ ሌላም ኃይል፥ ሕመም ወይም አደንዛዥ ዕፅ ተጨምሮ ነበር። የልብ ሐኪሙ ዶክተር ዳግላስ ዛይፕስ ግን በ2012 እ.ኤ.አ. ደረታቸው ላይ ተመትተው ልባቸው የቆመ ስምንት ሰዎችን ጉዳይ አቅርቦ መሣሪያው የልብን ምት ሊያፋልስ እንደሚችል አስረድቷል። አምራቹ ኩባንያ ራሱ አስቀድሞ በ2009 እ.ኤ.አ. ተኳሾች ደረትን እንዳያነጣጥሩ መክሯል። «አይገድልም» የተባለ መሣሪያ ሠሪው «ከልብ አርቁት» ሲል ጉዳዩ ያለቀ ይመስለኛል።

4. ጉዳቱ በየት በኩል ይመጣል?

ጉዳቱን በአምስት መንገድ ከፍለን ብናየው ለማስታወስ ይቀላል።

አንደኛው መውደቅ ነው። ተራ ሰው ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ ራሱን ያድናል፤ በኮረንቲ የተያዘ ሰው ግን እጁ አይታዘዝለትምና እንደ ተቆረጠ ግንድ ባለበት ይጋደማል። በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. በአውስትራልያ ክሌር ኖውላንድ የተባሉ የ95 ዓመት አሮጊት፥ በምርኩዝ ጋሪ የሚሄዱና የማስታወስ ችሎታቸው የደከመ፥ ቢላዋ ይዘዋል ተብለው በቴዘር ተመቱ። የሞቱት ከኮረንቲው አይደለም፤ ወድቀው ጭንቅላታቸው በደረሰበት ጉዳት ነው። የተኮሰው ፖሊስ በ2024 እ.ኤ.አ. በሰው ግድያ ጥፋተኛ ተባለ። እንግዲህ በቴፒ ክረምት በጭቃ ላይ፥ በድልድይ ጫፍ፥ በደረጃ ላይ ወይም በጥልቅ የውኃ መውረጃ ቦይ አጠገብ የቆመ ሰው ቢመታ ምን እንደሚሆን ለመገመት ሐኪም መሆን አያሻም። ውኃ ውስጥ የወደቀም ይሰጥማል።

ሁለተኛው መርፌው ራሱ ነው። በእጅና በጀርባ ላይ ሲሰካ ትንሽ ቁስል ነው፤ ዐይን ላይ ሲሰካ ግን ዐይን ያጠፋል። አንገትና ብልትም እንዲሁ የሚያሰጉ ቦታዎች ናቸው።

ሦስተኛው እሳት ነው። ብልጭታው ቤንዚን፥ አልኮልና የመሳሰሉትን ሊያቀጣጥል ይችላል። በየመንደሩ ቤንዚን በጀሪካንና በጠርሙስ በሚቸረቸርበት አገር ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም።

አራተኛው ጡንቻና አጥንት ነው። መኮማተሩ ብርቱ ከመሆኑ የተነሣ የጀርባ አጥንት እስከ መሰንጠቅ የደረሰበት ጊዜ አለ። ኮረንቲው ሲደጋገም ወይም ሰውየው ብዙ ሲታገል ጡንቻው እየፈረሰ የሚወጣው ነገር ከደም ጋር ኩላሊት ይደርስና ኩላሊትን ያውካል። ሽንቱ እንደ ጠቆረ ቡና መሆኑ ምልክቱ ነው።

አምስተኛው ልብና ትንፋሽ ነው። መርፌዎቹ በልብ ግራና ቀኝ ሲሰኩ፥ ሰውየው ቀጭን ሆኖ ልቡ ከቆዳው ሲቀርብ፥ ኮረንቲውም ሲረዝም አደጋው ያድጋል። ዳልያን አትኪንሰን የተባለው የቀድሞ የእንግሊዝ ኳስ ተጫዋች በነሐሴ 2016 እ.ኤ.አ. በሞተበት ሌሊት ኮረንቲው ሳይቋረጥ 33 ሰኮንድ ቆይቶበት ነበር፤ ከወደቀም በኋላ ጭንቅላቱ ተረግጧል። ልቡና ኩላሊቱ ታመው የነበሩ ሰው ነበር። ፖሊሱ በ2021 እ.ኤ.አ. ተፈርዶበት የ8 ዓመት እሥራት ተቀበለ።

5. «ጤነኛ ሰው» ማን ነው?

የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር የምርምር ክፍል በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ለጤነኛ ሰው መሣሪያው ከፍ ያለ የሞት አደጋ እንዳለው የሚያረጋግጥ የሕክምና ማስረጃ አልተገኘም ብሏል። «ጤነኛ» የምትለውን ቃል ግን አስምሩባት። ፖሊስ ከመተኮሱ በፊት ስቴቶስኮፕ አያደርግም።

በአገራችን ወጣቶች ዘንድ ከሚታዩት የልብ በሽታዎች አንዱና ዋናው በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚያመጣው የልብ ጉዳት ነው። ብዙዎች መታመማቸውን የሚያውቁት እጅግ ዘግይተው ነው። ከመካከላችን በእግር ኳስ ሜዳ ቶሎ የሚደክመውና «ሰነፍ» ብለን የምንስቅበት ልጅ ምናልባት እንዲህ ያለ ልብ ይዞ የሚዞር ይሆናል። ነፍሰ ጡርን፥ ሕፃንን፥ ሽማግሌን፥ የሚጥል በሽታ ያለበትንም በዚሁ ላይ ጨምሩ።

ሌላም ችግር አለ፤ እርሱም ቋንቋ ነው። በጥቅምት 2007 እ.ኤ.አ. በካናዳ የቫንኩቨር አውሮፕላን ማረፊያ እንግሊዝኛ የማያውቅ ሮበርት ጄካንስኪ የተባለ የፖላንድ ሰው ተደናግሮ ለሰዓታት ሲጉላላ ቆይቶ ፖሊሶች አምስት ጊዜ በቴዘር መቱትና ሞተ። ዳኛ ቶማስ ብሬይድውድ የመሩት አጣሪ ኮሚሽን አጠቃቀሙ ተገቢ አልነበረም አለ፤ መሣሪያው ሰው ሊገድል እንደሚችልም ደመደመ። ሸክኛ፥ መዠንግርኛ፥ ቤንችኛ፥ ካፍኛ፥ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ገበያ በሚነገርበት በቴፒ «እጅ ወደ ላይ!» የሚለው ትእዛዝ ለሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ አይገባም። ያልገባውም እንዳመፀ ይቆጠራል።

6. ወደ ቴፒው ጥያቄ እንመለስ

አሁን ያ ጓደኛችን ያነሣውን በቀጥታ እንመልስ። አንድ ሰው በጥይት ከሚመታ በቴዘር ቢመታ ይሻለዋል ወይ? አዎን፤ ያለ ጥርጥር ይሻለዋል። ታዲያ በ1994 ዓ.ም. ቴዘር ቢኖር የቴፒ ሰዎች ይድኑ ነበር ወይ? ይህ ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ከላይ ልብ በሉ ያልኋችሁን ርቀት አስታውሱ። አንድ ሽቦ ለአንድ ሰው፤ ከጥቂት ሜትሮች ባልራቀ። ይህ መሣሪያ ለብዙ ሕዝብ የተሠራ አይደለም። በመቶ የሚቆጠር ሰው በመንገድ ሲመጣ ሁለት ሦስት ሰው ጥሎ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ እጅ የሚሄደው ወደ ጠመንጃው ነው። በአሜሪካ የቺካጎ ፖሊስ በ2010 እ.ኤ.አ. ቴዘርን በብዛት ሲያድል የፖሊሶቹ ጉዳት መቀነሱን፥ የጥይት ተኩስ ግን አለመቀነሱን ተመራማሪዎች አግኝተዋል። ቴዘሩ ጠመንጃን አልተካም ማለት ነው።

በብዙ ሕዝብ ላይ የሚውለው «የማይገድል» መሣሪያ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ በገዛ አገራችን አይተነዋል። በመስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ በእሬቻ በዓል ላይ አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶ፥ ሕዝቡ ሲሸሽ ገደል ውስጥ እየወደቀና እየተረጋገጠ መንግሥት ራሱ ባመነው ከሃምሳ በላይ ሰው አለቀ። ጭሱ መርዝ ስለነበረ አይደለም፤ ሰው መውጫ በሌለበት ቦታ ስለተተኮሰ ነው።

ኮረንቲውን በሚመለከት እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ አደባባዩ ሳይሆን ዝግ ክፍሉ ነው። በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አቶ ብርሃኑ ጸጋዬ በመንግሥት እሥር ቤቶች ስለ ተፈጸመው ግፍ ለሕዝብ ሲናገሩ፥ እሥረኞች ከደረሰባቸው ሥቃይ አንዱ ኮረንቲ መሆኑን ገልጸዋል። እነዚያ ሰዎች የታሠሩ ነበሩ፤ የሚሮጥ፥ የሚታገል፥ ቢላዋ የያዘ በመካከላቸው አልነበረም። ጥይት ቁስል ትቶ ያልፋል፤ ዱላም ሰንበር ይተዋል፤ ኮረንቲ ግን ብዙ ጊዜ የሚታይ ምልክት ሳይተው ያሰቃያል። የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሥቃይ ኮሚቴ በ2007 እ.ኤ.አ. የቴዘር አጠቃቀም እንደ ማሰቃየት ሊቆጠር እንደሚችል ተናግሯል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 18 ጭካኔንና ኢሰብአዊ አያያዝን ይከለክላል፤ «ምልክት ከተወ ብቻ» አይልም።

7. ጓደኛችሁ ቢመታ ምን ታደርጋላችሁ?

ትምህርት ያለ ጥቅም ከንቱ ነውና የሚከተለውን በቃል ያዙ።

ሀ/ ኮረንቲው እስኪያቆም መርፌዎቹንና ሽቦውን አትንኩ።

ለ/ ስሙን ጥሩት፤ ትከሻውን ነቅንቁት፤ መተንፈሱን ተመልከቱ። ካልተነፈሰ ሰው ልካችሁ ሐኪም አስጠሩና በደረቱ መካከል በሁለት እጅ በደንብ ተጫኑ፤ ጥልቀቱ 5 ሣንቲ ሜትር ያህል፥ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። እርዳታ እስኪደርስ አታቋርጡ፤ ሲደክማችሁ ተፈራረቁ።

ሐ/ የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት። በሆዱ አስተኝቶ ጀርባው ላይ መቀመጥ ወይም መጫን ትንፋሽ ያሳጥራል፤ የሚያደርግ ካለ በልመናም ቢሆን አስተዉት።

መ/ ካስታወከ፥ ከተደበተ፥ ነገር ከተምታታበት ወይም ራሱን ብርቱ ካመመው ጭንቅላቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ውሰዱት። የደረት ሕመም፥ የልብ መንቀጥቀጥ፥ የጀርባ ሕመም፥ የጠቆረ ሽንት ወይም እርግዝና ካለም እንዲሁ። ሪፈር ተብሎ ወደ ሚዛን አማን ወይም ወደ ጅማ መሄድ ቢያስፈልግ መንገዱ ረጅም መሆኑን እያሰባችሁ ቶሎ ተነሡ።

ሠ/ በዐይን፥ በፊት፥ በአንገት፥ በጡትና በብልት የተሰካን መርፌ ራሳችሁ አትንቀሉ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም መከተቡን ጠይቁ።

ረ/ ሰዓቱን፥ ስንት ጊዜ እንደ ተመታ፥ በየት በኩል እንደ ሆነ ጻፉ፤ ሐኪሙም በካርዱ ላይ እንዲጽፈው ጠይቁ። በዘመናችን ያሉት ቴዘሮች ቃታው የተሳበበትን ቀን፥ ሰዓትና ርዝመት በውስጣቸው ይመዘግባሉ። የእናንተ ጽሑፍና የመሣሪያው መዝገብ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ማንም ሊክደው የማይችል ምስክር ይሆናሉ።

8. ማጠቃለያ

በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ካነሷቸው ጥያቄዎች ዋነኞቹ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢው ይውጣ፥ የተማሪዎች ማኅበርና ጋዜጣ ይፈቀድ የሚሉ ነበሩ። በዚያ ሰሞን በከተማው ከሠላሳ የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። እነዚያ ተማሪዎች «በተሻለ መሣሪያ ምቱን» ብለው አልጠየቁም። እኛም ብንሆን የመሣሪያውን ዓይነት ብቻ እየመረጥን ብንከራከር ነገሩን ከጭራው እንይዘዋለን።

የተባበሩት መንግሥታት በ1990 እ.ኤ.አ. በሃቫና ባጸደቀው የኃይል አጠቃቀም መመሪያ ላይ ሁለት ነገር አብሮ ተጽፏል፤ መንግሥታት የማይገድሉ መሣሪያዎችን ያዘጋጁ፤ ነገር ግን አጠቃቀማቸው በጥንቃቄ ይመርመር፥ በተጎዳውም ሰው ላይ ሕክምና ሳይዘገይ ይድረስ። የመጀመሪያውን ብቻ አንብቦ ሁለተኛውን የሚዘልል አገር በጎደለው ላይ ሌላ የሥቃይ ዕቃ ገዛ ማለት ነው። ስለዚህ ይህ መሣሪያ በአገራችን ፖሊስ ወገብ ላይ ቢታጠቅ ልንጠይቅ የሚገባን ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ምት ይመዝገብ፤ የተመታ ሁሉ በሐኪም ይታይ፤ በታሠረና በማይታገል ሰው ላይ አይዋል፤ ያዋለም ይጠየቅ።

ለዚያ ጓደኛዬ መልሴ እንግዲህ ይህ ነው፤ ወንድሜ፥ ሽጉጡ አይገድልም ያልኸው ብዙውን ጊዜ እውነት ነው። ሰውን የሚያድነው ግን የሽቦው ቅጥነት ሳይሆን ሽጉጡን የያዘው እጅ ነገ መልስ መስጠት እንዳለበት ማወቁ ነው። በመጋቢት 2 ቀን 1994 ዓ.ም. በቴፒ የጎደለው ይህ ይመስለኛል። ለዛሬ በዚህ ላብቃ፤ የሚቃወመኝ ቢኖር በሚቀጥለው እትም መልሱን በጽሑፍ ያምጣ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን አንከራከር፤ ፈተና ደርሷል።